እግዚአብሔርን በአደባባይ፣ ሰውን በሹክሹክታ

ጠዋት ጊንጪ ላይ አውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የተመለከተ ሰው፣ የደንዲ ወረዳ ሕዝብ ፈጣሪውን እንደሚወድ ለማወቅ አስረጂ አያሻውም። ባለ ባጃጁ የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል። ድንቿን በጆንያ አዝላ ወደ ገበያ የምትወርደው እናት ሸክሟን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ትሳለማለች፤ አንዳንዷም እዚያው ቆማ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል፣ ከእመቤታችን ጋር እንደ ጎረቤት እያወራች ስለቷን ትሳላለች። ትንሽ እልፍ ሲሉ ከወንጌላውያኑ አዳራሽ የኦሮምኛ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ጌታን እንወድሃለን የሚሉ ጎልማሶች እዚያ ሞልተዋል። አንዱ ቤት በስግደትና በከበሮ፣ ሌላው ቤት በዝማሬና በጩኸት፤ እግዚአብሔርን መውደድ እዚህ አገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ያው ሰው ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ልጁ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ‹‹መጣህ?›› ይለዋል። ልጁም ‹‹አዎ›› ይላል። በቃ። ሚስቱን ‹‹ሃዳ ቶላ›› ብሎ በበኩር ልጃቸው ስም ይጠራታል፤ እሷም ‹‹አባ ቶላ›› ትለዋለች። ይህ የአገር ወግ ነው፤ ደስ ይለኛልም። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ግን ከዚህ የዘለለ የፍቅር ቃል በመካከላቸው ሳይነገር መቅረቱ ደስ አይለኝም። እሑድ ጠዋት ለአምላኩ ሲያለቅስ ያልተሸማቀቀ ሰው፣ እሑድ ከሰዓት ለሚስቱ አንድ ደግ ቃል ለመናገር ለምን ይሽኮረመማል?

ይህን ጥያቄ ወደ ራሴ ያመጣው የእድር ሥራ ነው። ‹‹ጸሐፊ ነው›› የሚባል ሰው በእድር ውስጥ የሚጣልበት አንድ ግዳጅ አለ፤ የሕይወት ታሪክ መጻፍ። ሰው ሲሞት የቤተሰቡ አባላት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ላይ የትውልድ ዘመን፣ የአባትና የእናት ስም፣ የሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ የልጅና የልጅ ልጅ ቁጥር አለ። ቀሪውን አንተ ታውቀዋለህ ይሉኛል። አዎ፣ አውቀዋለሁ፤ ‹‹ለቤተሰባቸው አዛኝ፣ ለጎረቤታቸው አለኝታ፣ ለተቸገረ ደራሽ የነበሩ›› ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር ስንቱን ሰው ቀብራለች!

አንድ ጊዜ ግን፣ የሟች ልጅ የሆነች ሴት ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ ‹‹አንቺ አባትሽን የምትወጂው በምኑ ነበር?›› አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ጀመረችው። አምቦ ተከራይታ ስትማር አባቷ ከላይ ከደጋው በእግሩ ይወርድ ነበር። ጭኮ በቅል ይዞ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ይላል፤ ደወል እስኪደወል። ስትወጣ ይነሣና ‹‹እንኪ›› ይላታል። እንኪ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ‹‹አንድ ቀን እንኳ ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት አላለኝም›› አለችኝ። ‹‹አንቺስ ነግረሽው ታውቂያለሽ?›› ብላት፣ ‹‹ምኑን?›› አለች።

ምኑን!

ይህን ታሪክ ጽፌ ሰጠኋቸው። ቀብሩ ከመድረሱ በፊት ታላቅ ወንድሟ መጥቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይቺን አውጣልን፤ የቤት ወሬ ናት፣ በሕዝብ ፊት አትነበብም›› አለኝ። ወጣች። በምትኩ ‹‹ለልጆቻቸው መልካም አባት የነበሩ›› የሚል ገባ። እኛ ፍቅራችንን የምናወጣው ሰው ሲሞት ነው እየተባለ ይነገራል። እኔ ባየሁት ግን ያን ጊዜም አናወጣውም። ስናለቅስ እንጮኻለን፤ ደረት እንመታለን፤ ያንን ሰው ያንን ሰው ያደረገውን ትንሽ ነገር ግን ‹‹የቤት ወሬ›› ብለን እንሰርዘዋለን።

ይህን ሳነሣ የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ። ‹‹ፍቅር በሥራ እንጂ በአፍ አይደለም›› ይባላል። ለዚህም ሐዋርያው ዮሐንስ ይጠራል፤ በመጀመሪያ መልእክቱ ፍቅራችን በአንደበት ብቻ እንዳይሆን አስጠንቅቋልና። እውነት ነው፤ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ይህን ያለው ሰው ራሱ እንዴት እንደሚጽፍ ማየት ጥሩ ነው። በዚያችው አጭር መልእክት ውስጥ አንባቢዎቹን ደጋግሞ ልጆቼ፣ ወዳጆቼ ይላቸዋል። ሦስተኛውን መልእክት የጻፈው ለጋይዮስ ነው፤ ገና ሲጀምር እንደሚወደው ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። በአፍ ብቻ አትውደዱ ያለው ሰው አፉን አልዘጋም። የእሱን ጥቅስ ለዝምታችን መከላከያ ማድረጋችን በሐዋርያው ስም መነገድ ነው።

ጳውሎስንም እንይ። ቁጡ ነው፤ ተከራካሪ ነው፤ በሮሜ መልእክቱ ውስጥ ያለው ሐተታ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያንን ሁሉ ከባድ ነገር ከጻፈ በኋላ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ ከ20 በላይ ሰዎችን በስም እየጠራ ሰላም በሉልኝ ለማለት ያውለዋል። ይህች ስለ እናንተ ብዙ ደከመች፤ እነዚህ ባልና ሚስት ስለ እኔ ነፍስ አንገታቸውን አቀረቡ፤ የሩፎስ እናት ለእኔም እናቴ ናት እያለ። ምዕራፉ በጉባኤ ሲነበብ ስሞቹ ሲቆጠሩ ሰው ያዛጋል። እኔ ግን ጳውሎስን የማምነው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለው የስምዖን ፈሪሳዊው ግብዣ ነው። ስምዖን ክፉ ሰው አይደለም። ጌታን ቤቱ ጠርቷል፤ ማዕድ አቅርቧል፤ ወጪ አውጥቷል። ኃጢአተኛ የተባለችው ሴት መጥታ እግሩን በእንባዋ ስታጥብ፣ በጸጉሯ ስታብስ፣ ስትስም፣ ሽቱ ስትቀባ በሆዱ አጉረመረመ። ጌታም ወደ እሱ ዞሮ ያልተደረገውን አንድ በአንድ ቆጠረለት። ለእግሬ ውኃ አልሰጠኸኝም፤ አልሳምኸኝም፤ ራሴን ዘይት አልቀባኸኝም ማለቱ ነው። ግብዣው አልተካደም፤ ነገር ግን ምልክቱ መጉደሉ ተቆጠረ። ስምዖን ምን ብሎ ይሆን? ‹‹ጋብዤው የለ!›› ብሎ ይሆናል። እኛ አባቶችም ‹‹አስተምሬው የለ!››፣ ‹‹ቤት ሠርቼላት የለ!›› እንላለን። ማዕዱን አቅርበን ሰላምታውን እንነፍጋለን።

የሚገርመው፣ ፍቅርን በአደባባይ ማሳየት ለዚህ ምድር ባዕድ አለመሆኑ ነው። በምዕራብ ሸዋ ሽማግሌ ሲመርቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሠርግ ይሁን፣ የሩቅ መንገደኛ ይሁን፣ ወጣቱ ጎንበስ ይላል፤ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ኤባውን ይጀምራል። ላምህ ትውለድ፣ ማሳህ ይሙላ፣ በሄድክበት ክፉ አይይህ፤ ከዙሪያው ያለው ሕዝብ በየአንዳንዱ ምርቃት ማብቂያ ‹‹ሃ ታኡ›› እያለ ይቀበላል። ይደረግልህ እንደ ማለት ነው። የአንድ ሰው የደግነት ምኞት በመቶ ሰው አፍ ይጸናል። ከአማርኛ ተናጋሪው ቤትም ጉርሻ አለ፤ ‹‹በሞቴ!›› እየተባለ እየተለመነ የሚጎረስ። ጉልበት መሳም አለ። የተጣላ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ አለ። በኦሮሞው በኩልም አራራ አለ፤ የታረቁ ሰዎች በሽማግሌ ፊት እንዲተቃቀፉ የሚደረግበት። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ለጾመኛው ሽሮው ለብቻ፣ ለማይጾመው ወጡ ለብቻ ሲሰናዳ፣ የጴንጤው ቤት ሴቶች የጾም ድስቱ በቅቤ እንዳይነካ ማንኪያውን ለይተው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ሃይማኖታቸው የማይገናኝ ሰዎች ይህን ያህል ይጠነቃቀቃሉ። ይህም የፍቅር ምልክት ነው፤ ማንም ግን አይናገርለትም።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ነገር አልጠይቅም። ባል ለሚስቱ በየጠዋቱ ‹‹እወድሻለሁ›› እያለ በየካቲት ወር ቀይ አበባ ይግዛ አላልኩም። ኦቦ እገሌ በ70 ዓመታቸው ያንን ቢያደርጉ አዴ እገሊት ጸበል ይወስዷቸዋል። የምለው ሌላ ነው። ያለንን ወግ፣ ምርቃቱን፣ መሳለሙን፣ ዕርቁን ለሠርግና ለጠብ ብቻ አንቆጥበው። ሽማግሌው ለእንግዳ የሚያዘንበውን ምርቃት ለገዛ ልጁ ለምን ይሰስታል?

ቤተ ክርስቲያን ይህን ድክመታችንን ያወቀችው ቀድማ ነው። በሥርዓተ ቅዳሴያችን ውስጥ፣ ወደ ቁርባኑ ጸሎት ከመገባቱ በፊት፣ ዲያቆኑ ምእመናን በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርስ እንዲሳለሙ ያውጃል። ጳውሎስም ጴጥሮስም በመልእክቶቻቸው መደምደሚያ ያዘዙት ሰላምታ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጌታ በተራራው ስብከት መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏልና፣ ከአጠገብህ ከቆመው ሰው ጋር ሳትሳለም ወደ ሥጋ ወደሙ አትቅረብ ማለት ነው። እግዚአብሔርን የምንወድበት ሰዓት መካከል ላይ ሰውን የምንወድበት ደቂቃ ተተክሏል። ማን ይህን ያህል ያስብልናል?

እኛ ግን ያቺን ደቂቃ ምን አደረግናት? ግራና ቀኝ ጎንበስ፣ ጎንበስ፤ አለቀ። ዓይናችን ወደ መጋረጃው ነው። ቀኝ ያለው ማን እንደሆነ ብንጠየቅ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው ከማለት በቀር መልስ የለንም። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ስለሚቆም የምንሳለመው የቤታችንን ሰው አይደለም፤ ጎረቤቱን፣ ባላንጣውን፣ በገበያ የተከራከርነውን ነው። ለዚያ ነው ከባድ የሆነችው፤ ለዚያም ነው በፍጥነት የምንገላገላት። ወንጌላውያኑም ቢሆኑ አያመልጡም። ‹‹ለጎረቤትህ ጌታ ይባርክህ በለው›› ይላል መድረክ መሪው፤ ሁሉም ይላል፤ ወዲያው መዝሙሩ ይቀጥላል፤ የተባረከው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የሰላምታን ዋጋ ያወቅሁት በሰሙነ ሕማማት ነው። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ ኦርቶዶክሳዊው አይሳሳምም፤ መስቀልም አይሳለምም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ሰጥቶታልና። እናቴ በዚያ ሳምንት ሰው እጁን ሲዘረጋላት ወደ ኋላ ትላለች፤ ‹‹ሕማማት ነው›› ትላለች። ልጅ ሆኜ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ሲያጥብ፣ በሚቀጥለው ቀን ሕዝቡ ጉልበቱ እስኪዝል ሲሰግድ፣ ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ትንሣኤው ሲበሰር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲተቃቀፍ ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን ሰላምታን የምትከለክለው የይሁዳ ዓይነቱ ሰላምታ ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ እንድናስብ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሕማማት ላይ ነን መሰለኝ።

በቅርብ ያየነው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ካልተወደደ መወደዱን አያውቅም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከወንጪ ማዶ በወሊሶ ወረዳ፣ በሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶሱ ዕውቅና ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ሲኖዶሱ አወገዘ። በነነዌ ጾም ምእመኑ ጥቁር ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ዋለ። የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ሁለቱ ወገኖች ለስምምነት ተቀመጡና ተፈራረሙ። በሹመቱ ሕገ ወጥነት ላይ ክርክር የለኝም፤ ቀኖና ቀኖና ነው። ከጠቡ በታች የነበረው ጥያቄ ግን የቆየ ነበር፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መቀደስ፣ መሰበክ፣ መናዘዝ። አንዲት የደንዲ እናት ኃጢአቷን ለንስሐ አባቷ በአስተርጓሚ ልትናገር አትችልም። ‹‹ልጄ፣ እግዚአብሔር ይወድሻል›› የሚላት ካህን በምትሰማው አፍ ካላላት አላላትም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለማዘጋጀት ዓመታት የለፉት ለዚህ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ለሸጠቻቸው ምድር የመለሱላት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የቋንቋን ጥያቄ ፖለቲካ ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ በእኔ ዓይን ግን ቀድሞ የፍቅር ጥያቄ ነበር፤ በጊዜው ስላልተመለሰ ነው ፖለቲካ የሆነው።

ወደ ዮሐንስ ልመለስ፤ ወደ ወንጌሉ የመጨረሻ ምዕራፍ። ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ ከባሕሩ ዳር። የከሰል ፍም አለ፤ ዓሣ ተጠብሷል፤ እንጀራ አለ። ጴጥሮስ በካህናት አለቃው ግቢ ሦስት ጊዜ የካደው እንዲሁ የከሰል እሳት አጠገብ ነበር። ከቁርሱ በኋላ ጌታ ትወደኛለህን? ብሎ ጠየቀው። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። በሦስተኛው ላይ ጴጥሮስ አዘነ፤ አንተ ሁሉን ታውቃለህ ብሎ መለሰ። ልክ ነው፤ ያውቃል። የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው! ‹‹ልቤን ያውቀዋል›› የምንለው ሰዎች እዚህ ላይ ልናፍር ይገባናል። ልብን የሚመረምረው አምላክ እንኳ ጴጥሮስ ጓደኞቹ ባሉበት፣ በአንደበቱ እንዲናገርለት ፈለገ። ጴጥሮስ የካደው በሰው ፊት ነው፤ የሚጠገነውም በሰው ፊት ነው። ደግሞም ለእያንዳንዱ እወድሃለሁ አንዳንድ ሥራ ሰጠው፤ በጎቼን አሰማራ፣ ጠብቅ። ቃሉና ሥራው እዚያ ላይ አልተለያዩም፤ እኛ ነን ያፋታናቸው።

ፍቅርን በቃልም በሥራም መግለጥ በእኛም አገር ተደርጓል፤ ከጊንጪ በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በሚደርስባት በወለጋ የተወለደ ሰው አድርጎታል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታስረው ሲፈቱ፣ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። እምቢ አሉ። መንጋዬን በፈተና ጊዜ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ነው ምክንያታቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። የት እንደተቀበሩ ሳይታወቅ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለ10 ዓመት ያህል ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። እኒህ ባልና ሚስት እግዚአብሔርን እንወዳለን ሲሉ መንጋውን እንወዳለን ማለታቸው እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ተናግረውታልና፤ ጽፈውታልና። እሳቸው በዝምታ ቢወዱ ኖሮ ደርግ ባልፈራቸው ነበር።

ግልጽ ፍቅር ሁሉ ግን ፍቅር አይደለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ከላይ ያልኩት ሁሉ ለቲክቶክ ይመቻል። በንግሥ ቀን በድምፅ ማጉያ ‹‹እገሌ ከአሜሪካ ይህን ያህል ሺሕ ብር›› ሲባል እልል የሚባለውን ታውቃላችሁ። የሰጪው ስም ከታቦቱ ስም በላይ የሚጠራበት ጊዜ አለ። ጌታ በየአደባባዩ ማዕዘን ቆመው ሊታዩ ስለሚጸልዩ ሰዎች የተናገረው ለዚህ ነው። የአንድ የማውቀው ሰው እናት ደግሞ ከደንዲ ሐይቅ በላይ፣ እንሰት በከበበው ቤታቸው ነው የሚኖሩት፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ልጃቸው በእናቶች ቀን ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ አውጥቶ ረጅም የፍቅር ደብዳቤ ጻፈላቸው። መቶ ሰው አሜን አለ፤ ልብ ላከ። እናትየው የሰሙት ከሦስት ቀን በኋላ ከጎረቤት ልጅ ነው። ‹‹እማማ፣ ልጅዎ ፌስቡክ ላይ ወደደዎት›› አላቸው። ‹‹ለምን አልደወለም?›› አሉ።

መለያው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ፍቅሩ የተነገረው ለተወዳጁ ነው ወይስ ለተመልካቹ? ያቺ ሽቱ ያፈሰሰች ሴት በግብዣው መሀል፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው ያደረገችው፤ ነገር ግን ዓይኗ ከእግሩ አልተነሣም። ስምዖን ግን ተመልካች ነበር።

ጊንጪን ከዚህ አገር ውጭ ብዙ ሰው የሚያውቃት በኅዳር 2008 ዓ.ም. በተማሪዎቿ ከተጀመረው ተቃውሞ ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ሸዋ የተቀበረው ወጣት ብዙ ነው፤ በየትኛውም ወገን። ልጅ ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሞተ። እነዚያን ወረቀቶች ሳነብ የሚያስጨንቀኝ የተጻፈው አይደለም። እናቱ በመጨረሻው ጠዋት ‹‹መጣህ?›› ወይም ‹‹ሄድክ?›› ከማለት ሌላ ብላው እንደሆነ ነው። አብዛኞቻችን ጊዜ አለ ብለን እናስባለን። ሌላ ቦታ ይህ የስንፍና ሰበብ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጊዜ እንደሌለ አይተናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለአባቶች ካህናት ነው። በቅዳሴው መካከል ያለችውን የሰላምታ ደቂቃ አታስሩጧት። ለምን እንደተሠራች በስብከታችሁ፣ ሕዝቡ በሚሰማው አፍ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ንገሩት። የተጣላ ካለ ያን ሳምንት አስታርቁና ያን እሑድ ጎን ለጎን አቁሙት። መጋቢዎችም ‹‹ለጎረቤትህ በለው›› ስትሉ የጎረቤቱን ስም እንዲጠይቅ ፋታ ስጡት።

ሁለተኛው ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ነው። የፊታችን እሑድ ሰላምታ ሲታወጅ ከአጠገባችሁ ወደ ቆመው ሰው ዞራችሁ፣ ፊቱን አይታችሁ ተሳለሙ። ከቅዳሴ ወይም ከጉባኤ ስትመለሱ ደግሞ ወላጅ በሕይወት ያላችሁ ደውሉ። ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን ጠይቁ፤ እንደ ወጋችን። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ያ ነገር፣ ማንም የማያውቀው፣ በቀብር ላይም የማይነበበው ነገር ትዝ እንደሚላችሁ ለራሳቸው ንገሯቸው።